የሰማያዊው ገመድ ጥላ

በመጀመሪያ በደሌ ይመዝገብልኝ። ገና ሠላሳ ዓመት ሳይሞላኝ፣ ባሕር ዳር ከአንድ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ ስሠራ፣ «በሟች ሴት ግንባር ላይ ያለውን መስቀል ሆን ብላ አጠፋች» ተባልሁ። ያጠፋው የእኔ እጅ ነው፤ ይህን ክጄ አላውቅም። ሆን ብዬ ግን አይደለም። ያኔ ይህን ተናግሬ የሰማኝ የለም። አሁን የልጅ ልጅ አይቻለሁ፤ ስንቱን ስምና ስንቱን ፊት ረስቻለሁ፤ ይህቺን ግን እንዳትጠፋብኝ እንደ ቤት ቁልፍ ይዣት ኖርሁ።

ነገሩን የቀሰቀሰችው የልጅ ልጄ ሂክማ ናት። ባለፈው ሐምሌ፣ ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ በዋለበት ቀን፣ ለትምህርቷ ብላ ያገለገለ የኮምፒዩተር ስክሪን ከገበያ ይዛ መጣች። ስክሪኑን በላስቲክ ጠቅልላ፣ እሷ ግን እስከ ራስ ፀጉሯ በስብሳ፣ ከባጃጅ ወረደች። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ጀርባውን ወደ እኔ አዞረችው።

«እማማ፣ ሁለት መሰኪያ አለው። ይኼኛው አናሎግ ነው፣ ያኛው ዲጂታል። በየትኛው ላድርገው?»

አየሁት። አፉ ሰማያዊ፣ ጥቃቅን ቀዳዳዎች የተደረደሩበት፣ ግራና ቀኙ በብሎን የሚጠብቅ። ያን ያህል ዓመት አልፎ እንኳ ያንን ሰማያዊ አፍ ወዲያው ለየሁት።

«ያንን አትንኪው» አልኋት።

«ለምን?»

«ሰው ያሳማል።»

«ኧረ እማማ! ገመድ ደግሞ ሰው ያሳማል?» ብላ እስክትንፈቀፈቅ ሳቀች። ከስክሪኑ ጋር የተሰጣት ገመድ ባለ ሰማያዊው ብቻ ስለ ነበር ግን ሰካችው። ስክሪኑ በራ፤ የትምህርቷን ጽሑፍ ከፈተች። መነጽሬን አድርጌ ጠጋ አልሁ። ከእያንዳንዱ ፊደል በስተቀኝ ከፀጉር የማይወፍር፣ አመድ የመሰለ ሌላ ፊደል ቆሟል። የፊደሉ ጥላ።

ጠረጴዛውን ይዤ ቀረሁ። ዝናቡ ራቀብኝ፤ ሂክማ የምትለውም ራቀብኝ፤ ያ የፎቶ ቤቱ ሽታ፣ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚለው፣ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ አፍንጫዬ ሥር መጣ።

አባቴ ታንኳ ሠሪ ነበር። ቤታችን ሐይቁ ዳር፣ ደንገሉ ከሚያልቅበት ላይ ነው። ልጅ ሆኜ ጧት ጧት ውኃው ገና ከሰማዩ ሳይለይ፣ አባቴ ዳር ላይ ያቆመኝና «ያች የምትመጣ ታንኳ የማን ናት?» ይለኛል። ከጉም ሥር ያለችውን ነጥብ አያለሁ። «የአባ ቢያዝን» እላለሁ፤ ወይም «የእኛ ጎረቤት፤ ቀዛፊው ግን ዛሬ ልጁ ነው» እላለሁ። ነጥቧ ቀርባ ሰው ስትሆን እንዳልሁት ትገኛለች። አባቴ አያመሰግነኝም፤ አናቴን መታ አድርጎ ወደ ሥራው ይሄዳል። ዓይኔን የማምነው ከዚያ ጀምሮ ነው። ሌላ ርስት አልነበረኝም።

እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማርሁ፤ አገባሁ፤ ሴት ልጅ ወለድሁ፤ ባሌ ሞተብኝ። ልጄን ይዤ አባቴ ቤት ተመለስሁና ከተማ ውስጥ ፎቶ ቤት ለጽዳት ገባሁ። ባለቤቱ ጋሽ አዱኛ ይባሉ ነበር፤ ሲቆጡም ሲስቁም ሆዳቸውን የሚይዙ ሰው። ጥር ላይ ሠርገኛው ከመራዊ በአውቶቡስ እየተጫነ ሲመጣና ሥራው ሲያጥለቀልቃቸው አንድ ቀን ወደ እኔ ዞረው «እስቲ መጥረጊያውን ጣይና ተቀመጪ» አሉኝ። እንዲህ ሆኖ ኮምፒዩተር ላይ ተቀመጥሁ። ያረጁ ፎቶዎችን ማጽዳት ሥራዬ ሆነ፤ የታጠፈውን ማቃናት፣ የሻገተውን ማንሣት፣ የተቀደደውን መግጠም። ሥራውን እወደው ነበር። የማላውቀው ሰው ፊት ከእድፉ ሥር ቀስ እያለ ሲወጣ፣ ያች የጉም ሥር ነጥብ ሰው ስትሆን የሚሰማኝ ነገር ይሰማኛል።

አጠገቤ የሚቀመጠው ስሜነህ ከኮሌጅ የወጣ፣ ቀልደኛ ልጅ ነበር። ምሳዬን ቆሮሶ ዓሣ ጠብሼ በወረቀት ጠቅልዬ ስመጣ፣ ሎሚው ገና ሳይጨመቅበት ወንበሩን ወደ እኔ ይጎትታል።

«ዘይነባ፣ ዛሬ ዓርብ ነው። ዓሣ ይበላል አይበላም?»

«የእናንተን ጾም እኔ ምን አውቄ! ቄሱን ጠይቅ።»

«ቄሱ ሩቅ ናቸው፤ ዓሣው ቅርብ ነው» ይላል፤ ይበላል። እሾሁን እንኳ የምለቅምለት እኔ ነበርሁ። ይህንንም የምጽፈው ለወቀሳ አይደለም። ጠላቴ እንዳልነበረ ይታወቅልኝ ብዬ ነው።

ያን ዓመት ጋሽ አዱኛ እነዚያን ከኋላቸው ያበጡ ትልልቅ ስክሪኖች አሰናበቱና ሁለት ቀጫጭኖች ከአዲስ አበባ አስመጡ። አንድ ዓይነት ናቸው፤ መንትያ። ሳጥኖቹ ሲከፈቱ ግን በሁለቱም ውስጥ ባለ ሰማያዊ አፍ ገመድ አለ፤ ባለ ነጭ አፉ ሰፊው ገመድ ያለው ባንዱ ብቻ ነው። አንዱ መንገድ ላይ ወድቆ ይሁን ሰው አውጥቶት፣ ማንም አላወቀም። ስሜነህ ነጩ ዲጂታል ነው፣ ይሻላል አለ።

«ታዲያ ማን ይውሰደው?» አሉ ጋሽ አዱኛ ገመዱን እንደ ሞተ እባብ አንጠልጥለው።

«በየተራ ይሁን» አልሁ። «አንድ ቀን ለእሱ፣ አንድ ቀን ለእኔ።»

ይህን ያልሁት ከሐይቁ ተምሬ ነው። ደንገል ውኃ ይጠጣል፤ ታንኳ በሰነበተ ቁጥር ይከብዳል። ሁለት ዓሣ አጥማጆች አንድ ደረቅ ታንኳና አንድ የራሰ ታንኳ ሲኖራቸው ዛሬ ደረቁ ላይ የወጣው ነገ የራሰው ላይ ይወጣል። ማንም ማንንም አያዝም፤ ክርክርም የለውም። እኛ ዘንድ ፍርድ ማለት ይኼ ነው።

«ይኼ ታንኳ አይደለም ዘይነባ» አሉ ጋሽ አዱኛ። «በየቀኑ ማን ይነቅላል፣ ማን ይሰካል? ስክሪን ስክሪን ነው። ሁለቱም ያሳያሉ፤ አንድ ናቸው።»

«አንድ ከሆኑ ነጩን ለእኔ ስጡኛ!»

ሁለቱም ሳቁ። «እሷን በአፍ የሚችላት የለም» አለ ስሜነህ። ነጩ ገመድ ግን እየተሳቀ ሄዶ እሱ ኮምፒዩተር ላይ ተሰካ፤ የሠርግ አልበም የሚሠራው እሱ ነውና። የእኔ ኮምፒዩተር ከስክሪኑ ራቅ ስለሚል ሰማያዊው አልደርስ አለ፤ ማስረዘሚያ ቀጠሉለት። ስክሪኔ ሲበራ ከጥቁር ነገር ሁሉ በስተቀኝ ቀጭን ጥላ አየሁ። ተናገርሁ። «ዓይንሽ እስኪለምደው ነው» ተባልሁ። እውነትም ለመደው። ጥላውን የስክሪኑ ነገር ነው ብዬ መተው ተማርሁ። ዓይን የተማረውን መልሶ አይጠይቅም፤ ጥፋቱም እዚያ ላይ ነው።

ወይዘሮ ትሁን የመጡት ዝናቡ ሊጀምር ባለ ሰሞን ነበር። ከደቅ ደሴት በጀልባ ተሻግረው፣ ጫማቸውን ጭቃ አልብሰው፣ የሎሚ ዘንቢላቸውን ደጃፍ ላይ አስቀምጠው ገቡ። ከመቀነታቸው ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለች ፎቶ አወጡ። ለአራት ታጥፋ የኖረች ናት፤ እጥፋቱ መሐሏን በቁምና በአግድም ሰንጥቋታል። ፊቱ የአውራ ጣት ጥፍር ቢያህል ነው።

«እናቴ ናት» አሉ። «ከዚህ በቀር ሌላ የላትም። ለሙት ዓመቷ ትልቅ አድርጉልኝ። ልጆቼ አያታቸውን አያውቋትም።»

ደስ እያለኝ ተቀበልኋቸው። ፎቶዋን በስካነር አስገብቼ አጎላሁት። ፊት ወጣ፤ ጉንጫቸው የሰረጎደ፣ ሻሻቸው ወደ ኋላ ያፈገፈገ፣ እንደሚቆጡ ሴት ቀጥ ብለው የሚያዩ። እጥፋቱ ልክ ግንባራቸው ላይ ተሻግሮ መስቀል ሠርቷል፤ ከእጥፋቱ በስተቀኝ እንደ ሁልጊዜው ደብዛዛ ጥላ አለ። የደቅ ሴት ግንባር ላይ ንቅሳት ሊኖር እንደሚችል አውቃለሁ፤ ከእነሱ ጋር ነው ያደግሁት። ፈለግሁ። እጥፋትና የእጥፋት ጥላ ነው ያየሁት። እጥፋቱን ከነጎኑ አጸዳሁት። ግንባራቸው እንደ ንጋት ውኃ ጠራ። እንዴት አማረ ብዬ ወደ ኋላ ተደግፌ ሳየው ትዝ ይለኛል።

ወይዘሮ ትሁን ሊወስዱ የመጡት የገበያ ቀን ነው፤ ቤቱ ወረፋ በሚጠብቅ ሰው ተሞልቷል። ትልቁን ፎቶ ዘርግቼ ያዝሁላቸው። ፈገግ ሊሉ ጀምረው አቆሙ። እጃቸውን ዘርግተው የእናታቸውን ግንባር በጣታቸው ዳበሱት፤ ወረቀቱን ሳይሆን ሰው የሚዳብሱ ይመስል ነበር።

«መስቀሏ የታለ?»

«የቱ መስቀል?»

«ይህቺ እናቴ አይደለችም» አሉ። ድምፃቸው አልጮኸም። «በጥርሷ ሳይሆን በመስቀሏ ነበር የምትስቅልኝ፤ ግንባሯ ሲሰበሰብ መስቀሉ ይሰበሰብ ነበር።»

ጋሽ አዱኛ ዋናውን ፎቶ ስሜነህ ስክሪን ላይ አስከፈቱት። ሁላችንም ተሰበሰብን። እውነትም አለ! ከእጥፋቱ በስተቀኝ፣ እጥፋቱን ሳይነካ፣ አረንጓዴ አነስተኛ መስቀል ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል። ዕውር እንኳ የሚያየው ይመስላል።

«እንዴት ይኼን አላየሽም?» አሉኝ።

«በእኔ ላይ እንዲህ አይታይም! ጥላ አለው። ኑ እዩት…»

«ሁለቱ ስክሪን አንድ ነው እኮ!»

ከወረፋው አንዷ «ልጅቱ የማን ናት?» ብላ ጠየቀች። «የታንኳ ሠሪው ልጅ» አላት አንዱ። «እህ! እንግዲያማ መስቀል ታስቀር ኖሯል?» አለች። የሳቀም ነበር፤ ያልሳቀም ነበር። ጋሽ አዱኛ ሰምተዋል፤ ሆዳቸውን ያዙ። ወይዘሮ ትሁን ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ አየሽው ወይስ አላየሽውም?»

«አላየሁትም እናቴ። ወላሂ አላየሁትም!»

«እንግዲህ የሆድን የሚያውቅ እግዚአብሔር ነው» አሉና ፊታቸውን አዞሩ። አላመኑኝም፤ አልካዱኝም። ሰድበውኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ተነሥቼ የእኔን ስክሪን ላሳያቸው ስል መብራት ጠፋ። የከተማችን መብራት እንደዚህ ነው፤ ሰው በሚፈልገው ሰዓት የሚሄድበት አያጣም። ሰዉ ተበተነ። ስሜነህን ደጅ፣ ዘንባባው ሥር አገኘሁትና ክንዱን ያዝሁት።

«መብራት ሲመጣ እኔ ወንበር ላይ ተቀመጥ። ያንን ፎቶ በእኔ ስክሪን ክፈተውና እይልኝ። ያየኸውን ንገራቸው። ሌላ ምንም አልለምንህም።»

«እሺ» አለ። «በእውነት እሺ።»

ወደ ቤቴ በሐይቁ ዳር ሄድሁ። ውኃው ከላይ ከወረደው ጎርፍ ደፍርሶ ቡና መስሏል፤ የሐይቁ ወፎች ይብራዎቹ ክንፋቸውን አጥፈው ምንም እንዳልሆነ ይንሳፈፋሉ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ገብቷል። አባቴ ደጅ ላይ ደንገል ያስራል።

«አይተሽዋል?» አለኝ ቀና ሳይል።

«አላየሁም።»

«እንግዲያ ያንን ጫፍ ያዢልኝ።»

ያዝሁለት። እስኪመሽ አብረን አሰርን። ሌላ አንድ ቃል አልጠየቀኝም። በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ እምነት ደግሞ አላገኘሁም።

በማግስቱ ጧት ገና በሩ ላይ ሳለሁ ስሜነህን «አየህልኝ?» አልሁት። እጆቹን አየ። «አላየሁም፤ ጊዜ አላገኘሁም» አለ። ፎቶውን እሱ እንደገና ሠርቶት ነበር፤ መስቀሉም በቦታው ነበር፤ ያማረ ሥራ ነው። ጋሽ አዱኛ ደግሞ ከእንግዲህ ጉርድ ፎቶ በመቀስ እየቆረጥሁ ፊት ለፊት እንድቀመጥ ነገሩኝ። «ዓይንሽ ይረፍ» አሉ። ያ ቃል ወረፋ ላይ ከነበረችው ሴትዮ ነገር ይልቅ አቃጠለኝ። መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬላቸው ወጣሁ፤ አልተመለስሁም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወቴ የዓሣና የዘይት ነው። ሐይቁ ዳር ጠብሼ ሸጥሁ፤ ልጄን አስተማርሁ፤ ዳርሁ። የደቅ ጀልባ ጡሩንባውን ሲነፋ ግን ጀርባዬን ወደ ወደቡ እሰጥ ነበር። ወይዘሮ ትሁን ዘንቢላቸውን ይዘው ሲወርዱ እንዳያዩኝ፤ ወይም እኔ እንዳላያቸው። ካረፉ ቆይቷል ሲባል ሰማሁ። ነፍሳቸውን ይማር። ጥያቄያቸውን ለእኔ ትተውልኝ ሄዱ። አንዳንድ ጊዜ በሕልሜ የእናታቸውን ግንባር እየዳበስሁ መስቀሉን እፈልጋለሁ፤ ግንባሩ ሐይቅ ይሆንብኛል፤ መስቀሉ ከጉም ሥር ያለች ነጥብ ትሆንብኛለች፤ የማን እንደሆነች መናገር ያቅተኛል።

ሂክማ ስክሪኑን ባመጣች ማግስት ሌላውን ገመድ፣ ዲጂታሉን፣ ተውሳ መጣች። ሰማያዊውን ነቅላ እሱን ሰካች። ጥላው የለም። ፊደሉ ብቻውን ቆሟል።

«ምን አደረግሽው?» አልኋት።

«ምንም። ዲጂታሉ ቁጥር ነው የሚልከው እማማ፤ እንደ ወጣ ይደርሳል። አናሎጉ ሞገዱን ራሱን ነው የሚልከው። ገመዱ ሲረዝም ወይም ሲቀጠል የተወሰነው ተመልሶ ይመጣና ሁለተኛ ሆኖ ይታያል። እንደ ገደል ማሚቶ በይው።» ከዚያ ፊቴን አየችና ደነገጠች። «ምነው? አለቀስሽ እንዴ?»

«አላለቀስሁም። ጃንጥላዬን አምጪልኝ።»

ስሜነህ ለብዙ ዓመት ሌላ ከተማ ሠርቶ ተመልሷል፤ ፋሲሎ ሰፈር ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት አለው። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታ እንለዋወጣለን፤ ከሰላምታ አልፈን አናውቅም። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል። ከነጃንጥላዬ ስገባ ከማሽኑ ቀና አለ።

«ዘይነባ! ዓሣ ይዘሽልኝ መጣሽ?»

«ዓሣ የለም። ጥያቄ ነው ያለኝ። ያን ዕለት መብራት ሲመጣ እኔ ወንበር ላይ ተቀምጠሃል?»

የቱን ዕለት ብሎ አልጠየቀኝም። ማሽኑን አጠፋው፤ ዝናቡ ብቻ ቀረ።

«ተቀምጫለሁ» አለ።

«በማግስቱ ግን ‹አላየሁም› አልኸኝ።»

«ብናገር ነጩን ገመድ ለአንቺ ይሰጡብኛል ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት ልፈልግ ሞክሬ ነበር፤ የለኝም። ለገመድ ብዬ ነው።»

ያን ሁሉ ዓመት ለዚህ ሰው ቁጣ ሳዘጋጅ ኖሬያለሁ። ስለ ሃይማኖቴ ነው ይላል፣ ጋሽ አዱኛን ፈርቼ ነው ይላል እያልሁ ለእያንዳንዱ መልስ አሰናድቼ ነበር። ለገመድ የሚል መልስ ግን አላሰናዳሁም። በየተራ ቢሆን ኖሮ የሚፈራው ነገር አይኖርም ነበር። ደረቁን ታንኳ ለአንድ ሰው ብቻ የሰጡት ዕለት ነው ነገሩ የተበላሸው፤ የያዘው እንዳይነጠቅ ይፈራል፣ ያጣው ይታማል። ይህን ልነግረው ነበር፤ ተውሁት። አጎንብሶ ስለ ነበር ያው ያወቀው መሰለኝ። የቀረኝ ወይዘሮ ትሁን የጠየቁኝ ያ ጥያቄ ነው። እኔ የመለስሁትን ማንም አልሰማውምና ከሌላ አፍ ልሰማው ፈለግሁ።

«ምን አየህ?» አልሁት።

«መስቀሉ እዚያ እንዳለ አውቃለሁ» አለ ስሜነህ። «ትንሽ ቀደም ብሎ በራሴ ስክሪን አይቼዋለሁ፤ በየት በኩል እንዳለም አውቃለሁ። ወንበርሽ ላይ ተቀምጬ፣ አፍንጫዬ ስክሪኑን እስኪነካ ቀርቤ ፈለግሁት። ዘይነባ፣ አላገኘሁትም።»